የቴታ ማንዳ ውሃ ወዴት ይሄዳል

ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ተቀምጬ የተማርኩት ሁሉ ሲጨመቅ አንድ ነገር ነው፦ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ዲግሪዬን ይዤ ወደ መንደር የተመለስኩ ዕለት ይህንኑ ለአባቴ ባስረዳው፣ በጎቹም ይህን ያውቁታል፣ እነሱ ግን ለመማር ብለው ከተማ ቤት አልተከራዩም አለኝ። አልተከራከርኩትም። የባሰው ነገር ደግሞ፣ ይህች አንዲት እውቀት እንኳ በእኛ መንደር በትክክል የማትሠራ መሆኗ ነው።

መንደራችን ዝድሪሎቮ ከባሕሩ በስተጀርባ፣ ተራራው አናት ላይ ባለ ሜዳ ዳር ተቀምጧል። ዙሪያው ነጭ ድንጋይ፣ መሃሉ ጥቁር አፈር፣ አፈሩ ላይ ጎመንና ድንች። ወንዝ አለን፤ ግን የትም አይደርስም። በምሥራቅ በኩል ከድንጋይ ሥር ይወጣል፣ ከመጠጥ ቤት እንደተሸኘ ሰው ሜዳውን እየተወላገደ ያቋርጣል፣ በምዕራብ በኩል ቋጥኙ ሥር ባሉ ቀዳዳዎች ገብቶ ይጠፋል። ቀዳዳዎቹን ጉሮሮ እንላቸዋለን። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጉሮሮ አለው። ጉሮሮ ይወረሳል፣ በጋብቻ ይመጣል፣ ወንድምና ወንድም ይካሰስበታል። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ ሁሉም መንጠቆና ገመዱን ይዞ ይወጣና የየራሱን ጉሮሮ ከቅጠሉ፣ ከግንዱ፣ ጎርፍ ካመጣው ኮተት ይጠርጋል። ሳይጠርግ የቀረ ሰው፣ ሜዳው በውሃ ሞልቶ የጎረቤት ጎመን ሲንሳፈፍ ተጠያቂው እሱ ነው፤ ለልጁም በቀላሉ ሚስት አያገኝም።

የገባው ውሃ የት እንደሚወጣ ደግሞ እያንዳንዱ ቤት በእርግጠኝነት ያውቃል። የግርጎ ጉሮሮ ቬኒስ ሥር ይወጣል። ማስረጃው አያቱ አጎንብሶ ሲጠርግ የወደቀበት ባርኔጣ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ቬኒስ ውስጥ አንድ ሰው ደፍቶት ሲሄድ ታይቷል። የሺሜ ጉሮሮ ከወደቡ ባሻገር ባሕሩ ውስጥ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ከታች እየፈላ በሚወጣበት ቦታ ይወጣል። ማስረጃው ውሻ ነው፤ ውሻው እዚህ ገብቶ እዚያ ወጣ፣ ከዚያ በኋላ ጨው ያለበት ምግብ አልቀምስ ብሎ ሞተ። የአክስቴ የቴታ ማንዳ ጉሮሮ ግን ፊቱን ያዞረው ወደ ሰሜን ነው፤ ከተራራው ማዶ ባለው በብሌዳ ወንዝ አድርጎ ወደ ዳኑብ፣ ከዚያም ወደ ጥቁር ባሕር። ማስረጃው የአማቷ ፒፓ ነው። ፒፓውን ብሌዳ ዳር ያለ ባለወፍጮ አግኝቶ መልሶለታል። ሲመለስ ገና ይጨስ ነበር የሚሉም አሉ፤ ቴታ ማንዳ ግን ይህን ማጋነን ነው ትላለች።

በዚህ ሁሉ ማንም አልተጎዳም ነበር፣ ከተማዋ እስክትቆጣ ድረስ።

ሉቺጻ ከእኛ ቁልቁል፣ ባሕሩ ዳር ያለች ከተማ ናት። የምትጠጣው ከተራራው እግር ሥር ከሚወጣ አንድ ትልቅ ምንጭ ነው። ታዲያ በየዓመቱ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ሲያበቃ የቧንቧው ውሃ ይደፈርሳል፣ ይሸታል። በዚህ ዓመት የከተማው ሰው ጠርሙስ ውሃ መሸከም ሰለቸውና ጮኸ። ጩኸቱ እኔ ወደምሠራበት የተፋሰስ ቢሮ መጣ። ትእዛዙ ቀላል ነበር፦ ዝናቡ ወደ ሉቺጻ ምንጭ የሚሄደው የትኛው መሬት እንደሆነ ካርታ ላይ በቀይ መስመር ይከለል፤ ከመስመሩ ውስጥ የወደቀ ሰው ጉሮሮ አጠገብ እንስሳ ማርባት አይችልም።

የቴታ ማንዳ የአሳማ በረት ደግሞ ጉሮሮው አጠገብ አይደለም፤ ጉሮሮው አፍ ላይ ነው። አማቷ የሠራው ብልሃት ነው። ዝናብ ሲመጣ ውሃው ራሱ በረቱን አጥቦ፣ ያለውን ሁሉ ይዞ ይሄድለታል፤ አካፋ የሚያነሳ የለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት እነዚያ አሳማዎች ናቸው። በክረምት ታርዳለች፣ ጭናቸውን በጭስና በተራራ ነፋስ ታደርቃለች፣ በበጋ ለሉቺጻ ምግብ ቤቶች ትሸጣለች። ውሃዋ ወደ ሉቺጻ ከሄደ በረቱ ይፈርሳል። ወደ ሰሜን ከሄደ ማንም አይጠይቃትም።

ቢሮው ነገሩን እንዳስረዳት የላከው እኔን ነው፤ የሥጋ ዘመዷ ስለሆንኩ እንደማትደበድበኝ ገምተው ይመስለኛል። ወጥ ቤቷ አስቀምጣኝ፣ በቀጭኑ የተቆረጠ ሥጋና ራኪያ የሚባለውን አረቄ አቅርባልኝ፣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ቪትስኮ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለህ በየወሩ የምልክልህ ምን ነበር?»

«ሥጋ፣ ቴታ።»

«የማን ሥጋ?»

«የአሳማዎችሽ።»

«እንግዲያው ሂድና ውሃው ወደ ሰሜን መሄዱን አረጋግጥ።»

ውሃ ትእዛዝ አይቀበልም አልኳት። አንተም ስትወለድ አትቀበልም ነበር፣ በማንኪያ ነው ያሳመንኩህ አለችኝ። ስለ ጥቁር ባሕር ሰዎችም ጨመረች፤ ሩማኒያዎቹ ቅሬታ ካላቸው ይምጡ፣ ከበር አልመልሳቸውም፣ አብልቼ እሸኛቸዋለሁ አለች። ሉቺጻ ያለችው ልጇ ኔዳ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ስልክ ደውላ ውሃው ሸተተን ስትል መልሷ አንድ ነበር። ከተሜ አፍንጫ ነው፣ የምትሸቱት ራሳችሁን ነው።

ኢንጂነር ቮይሚር ውሃው ወዴት እንደሚሄድ የሚለይ ፈተና ሊያካሂድ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አለቃዬ ነው፤ ጡረታው የተቃረበ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ከሁሉ በላይ መስመር የሚወድ ሰው። መስመር ሲያሰምር ምላሱ በከንፈሩ ጥግ ብቅ ትላለች። ዘዴውም ንጹሕ ነበር። ከጉሮሮዎቹ ትልቁን፣ ማለትም የቴታ ማንዳን፣ መርጦ ቀለም ይጨምርበታል። ቀለሙ ደረቅ ሲሆን እንደ በርበሬ ቀይ ነው፣ ውሃ ሲነካው እንደ ሣር አረንጓዴ ይሆናል። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ አረንጓዴው በታየበት ቦታ ነገሩ አለቀ።

ቴታ ማንዳ ቀለሙ ይጎዳ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ለሰው ፈጽሞ ጉዳት የለውም፣ ወይዘሮ ማንዳ።»

«ስለ ሰው ማን ጠየቀዎት?»

ለአሳማም እንደማይጎዳ ነገራት። እሺ አለች።

አሁን ወደ ስህተቱ ልምጣ፤ በዓለም ላይ የዝድሪሎቮ ሰው ብቻ የሚሠራው ስህተት ነው። እንግዳ ሊመጣ ነው። እንግዳው ደግሞ ጉሮሮ ሊያይ ነው የሚመጣው። በመንደሩ ታሪክ ጉሮሮ ለማየት ብሎ ክራቫት አስሮ የመጣ ሰው የለም። ግርጎ መጠጥ ቤት ቆሞ፣ ይህ ሰው የቆሸሸ ጉሮሮ አይቶ ቢመለስ እስከ ባሕሩ ድረስ ስማችን ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ቬኒስ ድረስ ሊል ፈልጎ ነበር፣ ሺሜ አጠገቡ ስለነበር ተወው። ከቴታ ማንዳ ጋር ለዓመታት ያልተነጋገሩ ሰዎች ሳይቀሩ በነጋታው መንጠቆና ገመድ ይዘው በረቷ ላይ ተሰለፉ።

ቅጠሉ ወጣ። ግንዱ ወጣ። የጋሪ ጎማ፣ የአልጋ ብረት፣ ከድሮው መንግሥት ዘመን የቀረ የማቀዝቀዣ በር ወጣ። በሌላ ዓመት እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ግርጎ ግን ገመድ ታስሮ ከወትሮው ጠልቆ ወረደና፣ ከኮተቱ ሥር ድንጋይ አለ፣ ያውም ተጠርቦ እርስ በርሱ የተገጣጠመ ድንጋይ ነው ብሎ ከታች ጠራን።

ምንድን ነው በሚለው ላይ ግማሽ ቀን ተከራከርን። ሺሜ ቱርኮች ናቸው አለ፤ እሱ ለማያውቀው ነገር ሁሉ ቱርኮችን ይጠራል። ቄሱ የመነኮሳት ሥራ ነው አሉ። ግርጎ ደግሞ ሰነፍ ሰው የጀመረው ግድግዳ ነው፣ ጀምሮ ደከመው አለ። እኔም አስተያየት እንድሰጥ ዞረው አዩኝ፤ ለተጨማሪ ጥናት ክፍት ቢሆን መልካም ነው አልኩ። ይህ መልስ ከልብ አሳቃቸው። ምንም ይሁን ምን፣ ንጹሕ ጉሮሮ ውስጥ ድንጋይ አይኖርም ተባለና ድንጋዮቹ አንድ በአንድ በገመድ ወጥተው በረቱ ጥግ ተከመሩ። የመጨረሻው ሲነሳ ከታች ቀዝቃዛ ነፋስ ወጥቶ የሁላችንን ባርኔጣ አንቀሳቀሰ። ሰዉ አጨበጨበ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ጉሮሮ በአካባቢው እንደሌለ ሁሉም ተስማማ፤ ዝድሪሎቮ በምንም ነገር ተስማምቶ ስለማያውቅ በዚያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብን።

ኢንጂነሩ መጥቶ አመሰገነ። ቀለሙን አፈሰሰ። አረንጓዴ ምላስ መሰለና ተጠማዞ ገባ፤ ጉሮሮው ዋጠው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሦስት ቦታ በአንዱ ይታያል አለን፦ ወይ ሉቺጻ ምንጭ፣ ወይ ባሕሩ ውስጥ የሚፈላው፣ ወይ ብሌዳ። እኔ ጠርሙሶቼን ይዤ ሉቺጻ ምንጭ ላይ ተቀመጥኩ። ቢሮው በሌሎቹ ቦታዎች ሰው አቆመ። መንደሩ ግን ቢሮውን ስላላመነ በየቦታው የራሱን ዘመድ አቆመ።

ምንም አልታየም።

ምንም ባለመታየቱ ሁሉም ያይ ጀመር። ባሕሩ ላይ ጀልባ ይዞ የተቀመጠው የሺሜ አማች ውሃው አረንጓዴ ሆነ ብሎ ደወለ፤ ኢንጂነሩ በመኪና ሄዶ ሲያይ ባሕሩ እንደ ባሕር ነው። ከብሌዳ አረንጓዴ በዳርና ዳር ታየ ተባለ፤ ሣር ነበር። የግርጎ የአጎት ልጅ ቬኒስ ውስጥ ቀለም ቀቢ ነው። እሱም ደወለ፤ ቦዩ ፍጹም አረንጓዴ ነው አለ። ከዚህ በፊትስ ምን ዓይነት ነበር ብዬ ጠየቅኩት። ቆይቶ፣ አሁን ስታነሳው ሁልጊዜም እንዲሁ ነበር አለኝ። ግርጎ ግን ይህን እንደ ድል ቆጥሮ መጠጥ ቤቱን ሁሉ ጋበዘ።

ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ኢንጂነር ቮይሚር መልኩ ተለወጠ። ነጭ ወረቀት ሲያይ አረንጓዴ ይታየው ጀመር። ምግብ ቤት ጎመን ሲያመጡለት መልሱልኝ አለ። አንድ ቀን ካርታውን መኪናው ላይ ዘርግቶ ቀይ እርሳሱን ከፍ አድርጎ ይዞ ለረጅም ጊዜ ቆመና፣ ቪትስኮ፣ ውሃ ገብቶ አለመውጣት ይችላል እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። በትምህርቱ መሠረት አይችልም አልኩት። እኔም በትምህርቱ መሠረት ነው የምጠይቅህ አለ።

ቴታ ማንዳ በበኩሏ ሰላሟን አገኘች። ሩቅ ስለሆነ ነው፣ ጥቁር ባሕር እኮ ቅርብ አይደለም አለችን።

የቅዱስ ማርቲን ቀን ደረሰ፤ አዲሱ የወይን ጠጅ የሚቀመስበት ቀን። የመንደሩ ሰው ቴታ ማንዳ ቤት ተሰበሰበ፣ ኢንጂነሩም ተጠርቶ መጣ። ዝናቡ ከዋዜማው ጀምሮ ያለማቋረጥ ሲወርድ ነበር። ጠጁ ተቀድቶ ስለ ጣዕሙ ክርክር እንደተጀመረ፣ ቴታ ማንዳ ብርጭቆዋን እንደያዘች አንገቷን ወደ መስኮቱ ቀና አደረገች። አሳማዎቹ ዝም ብለዋል አለች። አሳማ ዝም ካለ ወይ ሞቷል ወይ የሚያየው ነገር አለ።

ወጥተን አየን። ጉሮሮው ያጉረመርማል። ከውስጥ ሆዱ የታመመ ሰው የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ይመጣል። ከዚያ ውሃው መጣ፤ መግባት ትቶ መውጣት ጀመረ። እየተንፎለፎለ፣ እየከበደ፣ አረንጓዴ ሆኖ። በረቱን ሞላ፣ አጥሩን አለፈ፣ ወደ ሜዳው ተዘረጋ። አሳማዎቹ ጥግ ላይ የተከመሩት ድንጋዮች ላይ ወጥተው ቆመዋል፤ ከሆዳቸው በታች አረንጓዴ፣ ከሆዳቸው በላይ እንደ ድሮው። ጎመኑ አረንጓዴ ውሃ ላይ ተንሳፈፈ፣ ማንም ግን ጎመኑን ከውሃው ለይቶ ሊያየው አልቻለም። የቤተ ክርስቲያኑ ምስል ሜዳው ላይ በአረንጓዴ ተገልብጦ ቆመ።

ሁላችንም ዝናብ ውስጥ ብርጭቆ ይዘን ቆምን። ዝናቡ ጠጁን እያቀጠነው ነበር፣ የጠጣ ግን አልነበረም።

ሺሜ አሳማዎቹ የቆሙበትን ድንጋይ ተመለከተ።

«ክዳን ነበር» አለ።

እንደ እሱ ከሆነ፣ ድሮ አንድ ሰው ይህ ጉሮሮ በክረምት እንደሚተፋ አውቆ፣ እየዋጠ እንዳይተፋ አድርጎ ደፍኖት፣ ነገሩን ለልጁ ሳይነግረው ሞቷል። ወይም ነግሮት ልጁ አልሰማ ይሆናል። ወይም ሺሜ ተሳስቶ ይሆናል። ግርጎ ድንጋዮቹን እንመልሳቸው አለ፤ ግን የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተገጠመ የሚያስታውስ ጠፋ።

ኢንጂነሩ ካርታውን ከኮቱ ሥር አውጥቶ ዝናቡ ላይ ዘረጋው። እርሳሱን በመንደራችን ዙሪያ አዞረው፣ አነሳው፣ እንደገና አዞረው።

ቴታ ማንዳ ጠጋ አለችው። «እና ኢንጂነር፣ ውሃዬ ወዴት ሄደ?»

«ወደ እርስዎ ነው የመጣው።»

«ስለዚህ ያለሁት በራሴ ተፋሰስ ውስጥ ነው።»

«እንዲህ የሚባል ነገር የለም፣ ወይዘሮ ማንዳ።»

«እንዴት የለም፣ ቆመውበት የለ እንዴ?»

ኢንጂነሩ ወደ እግሩ አየ። አረንጓዴ ውሃ ጫማው ውስጥ ገብቷል። ቴታ ማንዳ ወደ ቤት ገብታ ለሁሉም እንደገና ቀዳች። የራሴን ውሃ ራሴ ከላኩ፣ ራሴ ከተቀበልኩ ሌላውን ምን አገባው አለች፤ በዚያ ዕለት እንደሷ የተደሰተ ሰው አልነበረም።

ዝናቡ ሲያባራ ሜዳው ላይ የቆመው ውሃ ደግሞ መሄጃ መፈለጉ አልቀረም። ከፍ ብሎ ስለነበር የሁሉንም ቤት ጉሮሮ ደረሰ፤ የግርጎን፣ የሺሜን፣ የእኛን። እያንዳንዱ ጉሮሮ ከማንዳ አረንጓዴ የድርሻውን ጎረሰ። ቀጥሎ ስልኮቹ ጮኹ። መጀመሪያ ብሌዳ፦ አረንጓዴ፣ በእርግጠኝነት፣ በእጁ ጠርሙስ የያዘ የቢሮ ሰው ነው የሚናገረው። ከዚያ ባሕሩ፦ ቀዝቃዛው ውሃ የሚፈላበት ቦታ ላይ እንደ ትልቅ ሎሚ ያለ ክብ። ከዚያ ሉቺጻ። ቬኒስ ብቻ ነው ያልደወለው፤ ግርጎ በዚህ አኩርፎ ለጥቂት ቀናት መጠጥ ቤት አልመጣም።

ሺሜና ቴታ ማንዳ በአንድ ጊዜ ትክክል ሆኑ፤ ይህ በዝድሪሎቮ ሆኖ አያውቅም። ግን የማን ጉሮሮ የትኛውን አረንጓዴ እንዳደረገ ማን ይወቅ? ሁሉም ከአንድ ገበታ ነው የበሉት። የሺሜ ውሃ ወደ ብሌዳ፣ የማንዳው ወደ ባሕር ሄዶም ሊሆን ይችላል። የእኛ ወደ ሉቺጻ ሄዶ የማንዳ የትም ሳይደርስ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። በደረቅ ወቅት በአንድ በኩል፣ በጎርፍ ጊዜ በሌላ በኩል ሊሆን ይችላል። ኢንጂነሩ እነዚህን ሁሉ በተለያዩ ነጠብጣብ መስመሮች አሰመራቸው፤ መጨረሻ ላይ ካርታው ሕፃን የያዘው ዳንቴል መሰለ። ምላሱ በከንፈሩ ጥግ መውጣት አቆመች። መንደራችሁ በሦስቱም ተፋሰስ ውስጥ ነው አለ መጀመሪያ። አንድ ሰው ሦስት አማት ሊኖረው አይችልም ብላ ቴታ ማንዳ ተቃወመች። በነጋታው በየትኛውም ውስጥ አይደለም አለ። በመጨረሻ ዝድሪሎቮን ባዶ ተዋት፤ በቀይ መስመሩ ውስጥ ነጭ ቦታ፣ ሥሯም «ጥናት ያስፈልጋል» የሚል ጽሑፍ። ጥናቱ የሚመጣው ከእሱ ጡረታ በኋላ ነው።

ትርጉሙ ግልጽ ነበር። ትእዛዝ የለም። በረቱ አይፈርስም።

ይህን ስነግራት ቴታ ማንዳ አቀፈችኝ። ያለፈውን ዓመት ምርጥ ሥጋ ከማድረቂያው አውርዳ በጨርቅ ጠቀለለችና፣ ኔዳ ጋ አድርሰኝ፣ ልጄ ጋ ነው ይሄን ደስታ የምበላው አለች። በመኪናዬ ቁልቁል ወረድን። መንገዱን ሙሉ ስለ ሩማኒያዎች አወራችኝ።

ኔዳ በር ላይ ሳመችን፣ ሥጋውን ቆርጣ አቀረበች፣ ለእናቷ ውሃ ቀዳች። ቴታ ማንዳ ብርጭቆውን አንስታ ወደ አፏ ስታደርስ ቆመች። ወደ መስኮቱ አቅንታ አየችው። እንደ አዲስ የወይራ ዘይት ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ውሃው ነዋ እማዬ። ከሰሞኑ እንዲህ ሆኗል። ምንም አይጎዳም ብለው በሬዲዮ ነግረውናል።» ኔዳ ሳቀች። «እውነት ለመናገር ወዶታል ሰዉ። ሌላ ጊዜ ሽታው ብቻ ነበር፣ አሁን ቢያንስ መልክ አለው።»

የራሷንም ቀድታ ጠጣች። ቴታ ማንዳ እጇን ዘርግታ የልጇን ብርጭቆ ከአፏ ወሰደችው። ኔዳ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ፣ እኔም ሥጋውን አየሁ። ቴታ ማንዳ ሁለቱንም ብርጭቆዎች ይዛ ተነሳች፣ ማጠቢያው ላይ ደፋቻቸው፣ ውሃው በቀዳዳው ተጠማዞ እስኪጠፋ ድረስ አጎንብሳ አየችው።

«ይሄስ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ባሕር ነው መሰለኝ» አለች ኔዳ። «እማዬ፣ ደህና ነሽ?»

«መሰለኝ» አለች ቴታ ማንዳ፣ ቃሉን እንደ ቅመም በአፏ እየቀመሰች። ከዚያ በኋላ ሥጋ አልበላችም። ስንመለስ በመንገድ ላይ ስለ ሩማኒያም አላነሳችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዳገቱ መሃል ላይ፣ ኔዳ ስልክ የምትደውልልኝ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ነበር አለች። አዎ አልኳት። አፍንጫዋን ነበር የምሰድበው አለች።

በነጋታው በረቱን ስታፈርስ ደረስኩ። ብቻዋን ነበረች፤ ሳንቃውን ነቅላ ትከሻዋ ላይ ተሸክማለች። ቢሮው እኮ አላዘዘሽም አልኳት፣ ደግሞ ያንቺ ጉሮሮ ይሁን የኛ፣ ወደ ሉቺጻ የሄደው የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም። እኔም አላውቅም አለች፤ ግን አለማወቄን ልጄ እንድትጠጣው አልፈልግም። ቀጥላ ሳንቃውን አውርዳ ጠጋ አለችኝና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለኢንጂነሩ እንዳትነግረው። ያሸነፈ ይመስለዋል።»

አሳማዎቹ የት ይሂዱ የሚለው ላይ አብረን አሰብን። ከጉሮሮ ሁሉ የራቀው ቦታ ሸንተረሩ ላይ ያለው የአባቴ አሮጌ የወይን ማሳ ነው፤ ወይኑ ከደረቀ ቆይቷል፣ ግንቡ ግን ቆሟል። ውሃ የሚለያይበት ሸንተረር ነው፣ ግማሹ ወደዚህ ግማሹ ወደዚያ ይወርዳል፣ እዚያ ላይ ምንም አይቆምም ብዬ በሙሉ ልቤ አስረዳኋት። የተማርኩት በመጨረሻ ለዘመድ ጠቀመ ብዬ ደስ አለኝ።

አሳማዎቹን ነድተን ወጣን። ቀለሙ ገና ከሆዳቸው አልለቀቀም። በመንገዳችን ላይ ያገኘነው ሺሜ ቆሞ አሳለፈን፤ ባርኔጣውን አነሳ፣ ለእኛ ይሁን ለእነሱ አልተረዳሁም። ከሸንተረሩ ላይ በአንድ በኩል ባሕሩ፣ በሌላ በኩል የብሌዳ ሸለቆ ይታያል። ለአጥሩ የመጀመሪያውን ምሰሶ የማቆመውን ቦታ ቴታ ማንዳ በጫማዋ ምልክት አደረገችልኝ። መዶሻውን አነሳሁና መታሁ። ምሰሶው በቀላሉ ገባ። ደግሜ መታሁ። ምሰሶው ሙሉ በሙሉ ገባ፤ ከእጄ ወጥቶ፣ ጫፉ ጠፍቶ፣ ተከትሎት አፈር ተንሸራተተ፣ ድንጋይ ተንሸራተተ፣ የሰው ራስ የሚያህል ጥቁር ቀዳዳ ቀረ። ከውስጡ ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ።

ምሰሶው ሲያርፍ እንሰማ ብለን ዝም አልን። አላረፈም። ወይም አርፎ አልሰማነውም።

አሳማዎቹ አንድ በአንድ ቀርበው ቀዳዳውን ከበቡት። ቴታ ማንዳ ወደ ባሕሩ አየች፣ ወደ ብሌዳ አየች፣ በመጨረሻ እኔን አየችኝ።

«ቪትስኮ፣ ይሄኛውስ?»

መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

ቴታ ማንዳ ቀሚሷን ሰብስባ በጉልበቷ ተንበረከከች፣ በሁለት እጇ አፈሩን ይዛ ፊቷን ወደ ቀዳዳው አስጠጋች፣ የቻለችውን ያህል ጮክ ብላ ተጣራች።

«ኔዳ! ውሃውን አፍልተሽ ጠጪ!»